ከጊዜው የቀደመ ማዕረግ፦ በአሜሪካ ምድር ጦር የባለሌላ ማዕረግተኞች ዕድገት በምን ይፋጠናል?

በዩናይትድ ስቴትስ የጦር ኃይል ውስጥ ከመኮንኖች በታች የሚያገለግለው ሠራዊት፣ በኢትዮጵያ ወታደራዊ አጠራር ባለሌላ ማዕረግተኛ የሚባለው ማለት ነው፣ ከኢ-1 እስከ ኢ-9 በሚደርሱ ዘጠኝ የደመወዝ እርከኖች ተደልድሎ ይገኛል። በምድር ጦሩ ከኢ-1 እስከ ኢ-4 ያሉት እርከኖች ከተራ ወታደርነት እስከ ስፔሻሊስትነት የሚወስዱ ሲሆኑ፣ በኢ-5 ከሳጅንነት የሚነሣው የበታች ሹማምንት መሰላል ስቴፍ ሳጅንን፣ ሳጅን ፈርስት ክላስንና ማስተር ሳጅንን አልፎ በሳጅን ሜጀር ይጠናቀቃል። ብዙ ሰው ይህን መሰላል መውጣት ዓመት የመቁጠር ጉዳይ አድርጎ ይወስደዋል፤ የታችኞቹ ማዕረጎች ጊዜው ሲደርስ ያለ ውድድር የሚገኙ በመሆናቸውም ግምቱ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን የዕድገት ደንቡ ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ ማደግ ለሚችል ወታደር በርካታ መንገዶችን አስቀምጧል፤ መንገዶቹ በጥንቃቄ ሲመረመሩም፣ ወታደሩ በትጋቱ ካፈራው ነገር እኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወሳኝ ሆኖ የሚገኘው ያፈራው ነገር በሚፈለግበት ቀን በማኅደሩ ተመዝግቦ መገኘቱ ነው።

ደንቡ ጊዜን በሁለት መስፈሪያ ይለካል። አንደኛው ወታደሩ ወደ አገልግሎት ከገባበት ዕለት ጀምሮ የሚቆጠረው የአገልግሎት ዘመን ሲሆን፣ ሁለተኛው አሁን የያዘውን ማዕረግ ካገኘበት ዕለት የሚነሣው የማዕረግ ቆይታ ነው። በኢ-1 የተቀጠረ የምድር ጦር ወታደር 6 ወር ሲያገለግል ኢ-2፣ 12 ወር ሞልቶት በኢ-2 ማዕረግ 4 ወር ሲቆይ ኢ-3፣ 24 ወር ሞልቶት በኢ-3 ማዕረግ 6 ወር ሲቆይ ደግሞ ኢ-4 ይሆናል። ስለዚህ የተለየ ሥራ ባይሠራም ጥፋት የሌለበት ወታደር በሁለት ዓመት ስፔሻሊስት ነው። እያንዳንዱ እርከን የወር ደመወዙንና ከደመወዙ ጋር የተያያዙ ጥቅማ ጥቅሞችን ስለሚነካ፣ በጥቂት ወራት ቀድሞ መገኘት ለቤተሰብ ገንዘብ ለሚልክ ወጣት ቀላል ነገር አይደለም። ኮንግረሱ ራሱ የታችኞቹን ማዕረጎች ኑሮ ከባድነት ተገንዝቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ጥር ለመላው ሠራዊት ከተደረገው የ4.5 በመቶ ጭማሪ ሌላ፣ ከኢ-1 እስከ ኢ-4 ላሉት በሚያዝያ ወር ተጨማሪ 10 በመቶ እንዲታከልላቸው አድርጓል።

ጊዜን የመቅደም የመጀመሪያው ዕድል የሚገኘው ከቃለ መሐላው በፊት ነው። ምድር ጦሩ ዕውቅና ባለው ኮሌጅ 24 የሴሚስተር ክሬዲት ሰዓት ያጠናቀቀን ምልምል በኢ-2፣ 48 ያጠናቀቀን በኢ-3፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ደግሞ በቀጥታ በኢ-4 ማዕረግ ይቀጥራል። ለአንድ የሙሉ ጊዜ ተማሪ 24 ክሬዲት ሰዓት የአንድ ዓመት ያህል ትምህርት ስለሆነ፣ አንድ ዓመት ኮሌጅ ተምሮ ያቋረጠ ወጣት ሳይቀር ባዶ እጁን አይገባም ማለት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጁኒየር አር.ኦ.ቲ.ሲ. ወታደራዊ ትምህርት የተከታተለ ወይም በስካውት ማኅበር ከፍተኛ የሆነውን የኢግል ማዕረግ ያገኘም ከኢ-1 ከፍ ብሎ የመጀመር መብት ያገኛል። ሌላውን ሰው ለምልመላ ማቅረብም ማዕረግ የሚያስገኝበት አሠራር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ምድር ጦሩ የምልመላ እጥረት በበረታበት ወቅት፣ ባቀረቡት ሰው ምክንያት አዲስ ምልምል ወደ መሠረታዊ ሥልጠና ሲገባ ከኢ-1 እስከ ኢ-3 ያሉ ወታደሮች አንድ እርከን ከፍ እንዲሉ የሚፈቅድ ፕሮግራም ጀምሯል። በዚህ ረገድ ከሁሉም የሚያስገርመው የሙዚቀኞች ጉዳይ ነው፤ መቀመጫው በቨርጂኒያ ፎርት ማየር በሆነው የምድር ጦሩ ዋና ባንድ የጨዋታ ፈተናውን አልፎ የተቀጠረ ሙዚቀኛ፣ የ10 ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠናውን እንደ ማንኛውም ምልምል ቢወስድም፣ ሌላው ወታደር ዓመታት የሚለፋበትን የስቴፍ ሳጅንነት ማዕረግ ይዞ ሥራ ይጀምራል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህ የመጀመሪያ ዕድል ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ትኩረት ይገባዋል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በዳላስ ወይም በሲያትል ወደ ምልመላ ቢሮ ከሚሄዱት የማኅበረሰቡ ወጣቶች መካከል በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ የመጡ፣ ግሪን ካርድ የያዙ፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመረቁ ይገኙበታል። በሕጉ የግሪን ካርድ ባለቤት በባለሌላ ማዕረግነት መቀጠር ይችላል፤ በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪም ዕውቅና ባለው የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ተመርምሮ ከአሜሪካ ዲግሪ ጋር መመጣጠኑ ከተረጋገጠ ለማዕረግ ያገለግላል። እንቅፋቱ የሚፈጠረው ማስረጃውን በማስመጣቱ ላይ ነው። ገምጋሚዎቹ የሚፈልጉት ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ የሚላክን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲሆን፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ደግሞ ይህን ለማስላክ የወጪ መጋራት ዕዳውን መክፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ተመራቂው በእጁ ያለው ቴምፖ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አገር ቤት ውክልና የተሰጠው ዘመድ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። መልማዩ ግን የወር ኮታ ያለበት ሰው ነው፤ ወጣቱም ሥራ ለመጀመር ይቸኩላል። በዚህ መካከል ባለ ዲግሪው ሰው የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃውን ብቻ አቅርቦ በኢ-1 ይፈርማል፤ ሌላው በሁለት ዓመት የሚደርስበትን ማዕረግ በአንድ ፊርማ ይተወዋል። ይህ በማኅበረሰቡ ውስጥ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ኪሳራ ነው፤ ሦስት ወር ታግሦ ትራንስክሪፕት መጠበቅ ከዚህ ሁሉ ይሻላልና።

ማዕረጉ በቅጥር ውሉና ከውሉ ጋር በሚያያዙት አባሪ ቅጾች ላይ በጽሑፍ መስፈር አለበት። መልማዩ በቃል የገባው ተስፋ፣ በቅን ልቦና የተነገረ ቢሆንም እንኳ፣ ሥልጠና ጣቢያ ሲደረስ የሚቆጥረው ሰው አይገኝም፤ በኋላ ማስተካከያ መጠየቅ የሚቻልበት ሁኔታ ቢኖርም አድካሚ ነው። አባሪዎቹን ሳያነቡ አለመፈረም፣ ያልገባውንም ዐረፍተ ነገር በአማርኛ እንዲያስረዳው እንግሊዝኛ የሚያውቅ ዘመድ ይዞ መሄድ፣ ምልምሉ የሚነፈገው መብት አይደለም።

ከሥልጠና በኋላ ያለው ሁለተኛ መንገድ አዛዡ የጊዜ ገደቡን የሚያሳጥርበት ሥልጣን ነው። የሻምበል አዛዥ የሆነ መኮንን፣ በተፈቀደለት የቁጥር ወሰን ውስጥ፣ ብቃት ያሳየን ወታደር በ4 ወር ኢ-2፣ በ6 ወር ኢ-3፣ በ18 ወር ኢ-4 ሊያደርግ ይችላል፤ የማዕረግ ቆይታውም እንዲሁ ያጥራል። ይህ የአዛዡ ሥልጣን እንጂ የወታደሩ መብት አይደለም፤ ስለዚህ አብረው የሠለጠኑ ሁለት እኩያሞች በተለያየ ሻምበል ስለተመደቡ ብቻ የተለያየ ዕጣ ሊገጥማቸው ይችላል። አዛዡ ብዙውን ጊዜ ወታደሮቹን ሁሉ በቅርብ አያውቃቸውም፤ የሚሰማው ከቡድን መሪውና ከሻምበሉ ፈርስት ሳጅን ነው። በመሆኑም ሰዓት አክባሪነት፣ የተሟላ ትጥቅና በአካል ብቃት ፈተና የሚገኝ ከፍተኛ ውጤት በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታዩት በቅርብ አለቃው ዓይን ነው፤ ስሙ ከዚያ ካልተነሣ ከላይ የሚያነሣው የለም።

እውነተኛው ውድድር የሚጀምረው ግን ከስፔሻሊስትነት ወደ ሳጅንነት ሲታለፍ ነው። በዚህ ደረጃ ደንቡ ቀዳማዊና ሁለተኛ የሚባሉ ሁለት ምድቦችን ያውቃል። በቀዳማዊው ምድብ ያለው መደበኛውን የአገልግሎት ዘመን ያሟላ ሲሆን፣ በሁለተኛው ምድብ ያለው ደግሞ ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ እንዲታይ አዛዡ የፈቀደለት ነው። ለሳጅንነት ቀዳማዊው ምድብ 36 ወር አገልግሎት ሲጠይቅ ሁለተኛው በ18 ወር ይከፈታል፤ ለስቴፍ ሳጅንነት ደግሞ ሁለተኛው ምድብ የሚጀምረው ከ48 ወር ነው። ከጊዜ በፊት መታየት ማለት ከጊዜ በፊት ማደግ ማለት ስላልሆነ፣ ከዚህ በኋላ ዕጩው የዕድገት ቦርድ ማለፍ፣ ነጥብ ማከማቸትና ኮርስ መጨረስ ይቀረዋል።

የቦርዱን ውሎ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ዕጩው የክብር ልብሱን ለብሶ፣ የአንገት፣ የደረትና የክንድ ምልክቶቹ በደንቡ ልክ ተለክተው ተሰክተው፣ ያዘጋጀውና የሚመሰክርለት የቅርብ አለቃው አብሮት ቆሞ፣ ከበሩ ውጭ ተራውን ይጠብቃል። አንኳኩቶ ሲፈቀድለት ገብቶ በቀጥታ ወደ ሰብሳቢው ፊት ይራመዳል። በጦሩ ልማድ ወታደራዊ ሰላምታ የሚሰጠው ለመኮንን ሆኖ ሳለ፣ በዚህች ክፍል ውስጥ ግን ዕጩው ብዙውን ጊዜ ኮማንድ ሳጅን ሜጀር ለሆነው ሰብሳቢ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ ማዕረጉንና ስሙን ጠርቶ መቅረቡን ያሳውቃል፤ ሰላምታው እስኪመለስለትም እጁን አያወርድም። ቀጥሎ የቦርዱ አባላት አለባበሱን እንዲመረምሩ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዲዞር ይታዘዛል። ከዚያ ጀርባውን ሳያስደግፍ ይቀመጥና ስለ ራሱ ባጭሩ ይናገራል፤ ስለ ካርታ ንባብ፣ ስለ መሣሪያ፣ ስለ መጀመሪያ እርዳታ፣ ስለ አመራርና ስለ ወቅታዊ ጉዳይ የሚቀርብለትን ጥያቄ ይመልሳል፤ የበታች ሹማምንትን የቃል ኪዳን ጽሑፍም በቃሉ እንዲወጣ ሊጠየቅ ይችላል። እንግሊዝኛን በጉልምስናው የተማረ ሰው በዚህ ቦታ የሚፈራው ዘዬውን ነው። ይሁን እንጂ ቦርዱ የሚፈትነው የተረጋጋ መንፈስና የደንብ ዕውቀትን በመሆኑ፣ ጥያቄዎቹም ከታወቁ መመሪያዎች የሚወጡ በመሆናቸው፣ ከአለቃው ጋር ሳምንታት የተለማመደ ዕጩ ዘዬው ብቻ አያስቀረውም። የሚያስቀረው ለማዘጋጀት ጊዜ የማይሰጥ አለቃ ነው፤ ይህ ደግሞ በሥርዓቱ ውስጥ ካሉት እውነተኛ ጉድለቶች አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ የቦርዱ አባላት ራሳቸው ነጥብ ይሰጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቦርዱ የሚሰጠው ይደግ ወይም አይደግ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ሲሆን፣ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው እስከ 800 የሚደርስ የዕድገት ነጥብ ነው። ነጥቡ የሚሰበሰበው ከኢላማ ተኩስና ከአካል ብቃት፣ ከሽልማትና ከሜዳይ፣ ከወታደራዊ ትምህርት እንዲሁም ከሲቪል ትምህርት ነው። በጠመንጃ ተኩስ ከ40 ጥይት 36ና ከዚያ በላይ የመታ ኤክስፐርት ይባላል፤ 23 የመታም ያልፋል፤ በነጥብ ሰሌዳው ላይ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። የአካል ብቃት ፈተናው እ.ኤ.አ. ከ2025 ሰኔ ወዲህ ክብደት ማንሣትን፣ ፑሽአፕን፣ ጭነት እየጎተቱና እየተሸከሙ መሮጥን፣ ፕላንክንና የሁለት ማይል ሩጫን ያካተተ ባለ አምስት ዘርፍ ፈተና ሆኗል፤ ጣሪያውም 500 ነው። ከሽልማቶች የአርሚ አቺቭመንት ሜዳይ 10፣ የአርሚ ኮመንዴሽን ሜዳይ 20 ነጥብ ሲያስገኙ ኖረዋል። በሲቪል ትምህርት በኩል በሥራ ሰዓት ማብቂያ የሚወሰዱ የኮሌጅ ኮርሶችና ወታደሩ ሳይከፍል የሚፈተናቸው የክሌፕ ፈተናዎች ክሬዲት ይሰጣሉ። በመከላከያ የቋንቋ ብቃት ፈተና የሚመሰከር የውጭ ቋንቋ ችሎታም ነጥብ ስላለው፣ አማርኛ አፍ የፈታ ወታደር ጠይቆ ሊጠቀምበት የሚገባ ሀብት ነው።

ይህ ሁሉ በማኅደሩ ካልገባ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጥር ወዲህ መላው ምድር ጦር የሰው ኃይል መዝገቡን በአንድ የኮምፒዩተር ሥርዓት ያዋሐደ ሲሆን፣ ነጥቡም ከዚያው መዝገብ ይሰላል። የኮርስ ሰርተፍኬቱ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ፣ ሜዳዩ ተሸልሞ ትእዛዙ ያልተጫነ፣ የተኩስ ውጤቱ ባለፈው ዓመት ቁጥር ላይ የቆመ ወታደር ያፈራውን ነጥብ አላፈራውም፤ የወሩ ማስተካከያ ቀን ካለፈም ቢያንስ ወደሚቀጥለው ወር ይሸጋገራል። ከጊዜያቸው ቀድመው የሚያድጉት ወታደሮች አብዛኞቹ የመዝገብ ሠራተኛውን ቢሮ በር ያለ ሐፍረት የሚያንኳኩ ናቸው።

ነጥብ ማከማቸትም በራሱ አይበቃም፤ ምክንያቱም ለማደግ የሚጠየቀው መቁረጫ ነጥብ በየወሩና በየሙያ መደቡ ተለይቶ ይወጣል። ሳጅን የጎደለው የሙያ መደብ ዝቅተኛ ነጥብ ያለውን ሳይቀር ያሳድጋል፤ ሳጅን የሞላበት መደብ ግን መቁረጫውን ወደ ላይኛው ጫፍ ይሰቅለዋል፤ ለረጅም ዓመታት በወታደሮች ዘንድ 798 የሚለው ቁጥር መደቡ ዝግ ነው ለማለት ያገለግል የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። በዝግ መደብ 600 ነጥብ የያዘ ትጉህ ስፔሻሊስት፣ በክፍት መደብ 300 የያዘው ባልንጀራው ሳጅን ሆኖ ሲያዝዘው ሊያይ ይችላል። ጦሩ በሚያስፈልገው ቦታ ሰው ለመሙላት የዘረጋው አሠራር እንደመሆኑ አመክንዮው ግልጽ ቢሆንም፣ ለግለሰቡ ፍትሐዊ ነው ማለት ያስቸግራል። ወጣቱ ሙያ ሲመርጥ ስለ ቦነሱና ስለ ሥልጠናው ርዝመት ከጠየቀው በላይ፣ የመደቡ የሳጅንነትና የስቴፍ ሳጅንነት መቁረጫ ባለፉት ወራት ስንት እንደነበር መጠየቅ የሚኖርበት ለዚህ ነው።

የመጨረሻው በር ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ምድር ጦሩ መምረጥ፣ ማሠልጠን፣ ማስተማርና ማሳደግ በሚል ቅደም ተከተል በመሄድ፣ ለማዕረጉ የተመደበውን የአመራር ኮርስ ያልጨረሰ እንዳያድግ ደንግጓል፤ ለሳጅንነት የሚጠየቀው መሠረታዊ የመሪነት ኮርስ 22 ቀን ይፈጃል። ደንቡ በኮሮና ወረርሽኝ ዘመንና የበታች ሹም እጥረት ባጋጠመበት ጊዜ ላላ ብሎ ጊዜያዊ ማዕረግ የተሰጠበት ወቅት ነበር። ቦርድ አልፎ ነጥብ የሞላ ወታደር የኮርስ ወንበር ሲያጣ ወራት ሊያልፉበት ስለሚችሉ፣ ተራ ከመያዝ አስቀድሞ የአካል ብቃቱንና የሰውነት ስብ ልኩን አስተካክሎ መገኘት ይኖርበታል።

ሌሎቹ የጦር ክፍሎች በየራሳቸው ልማድ ይሠራሉ። በአየር ኃይሉ ኤርማን ፈርስት ክላስ የሆነ ወታደር 36 ወር አገልግሎ በማዕረጉ 20 ወር ሲቆይ ወይም በማዕረጉ 28 ወር ሲሞላው ሲኒየር ኤርማን ይሆናል፤ ቢሎው ዘ ዞን በሚባለው አሠራር ግን ከብቁዎቹ 15 በመቶ የሚሆኑት ተመርጠው ከዚህ 6 ወር ይቀድማሉ፤ ዕድሉም አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። በባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ መልክ የተዋቀረው የላቀ አገልግሎት ዕድገት አዛዡ ያለ ፈተና ውጤት መርከበኛውን እንዲያሳድግ ሲፈቅድ፣ በዓመታዊ ግምገማው ኧርሊ ፕሮሞት የሚለውን ከፍተኛ ደረጃ ያገኘ ኢ-6 ደግሞ ለኢ-7 ከአንድ ዓመት በፊት ይወዳደራል። ማሪኖቹ በሥልጠና ጣቢያ ለክፍላቸው በኩር ሆነው ከሚመረቁት ጀምረው በላቀ ሥራ ማሳደግን የሥርዓታቸው ዋና አካል አድርገውታል።

ከጊዜ በፊት ማሳደግ ለጦሩ ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ የቆየ ክርክር አለው። በቬትናም ጦርነት ወቅት የአገልግሎት ዙሩ አንድ ዓመት በመሆኑና ልምድ ያላቸው የበታች ሹማምንት እየተሟጠጡ በመሄዳቸው፣ ምድር ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1967 በጆርጂያ ፎርት ቤኒንግ ልዩ ኮርስ ከፍቶ፣ መሠረታዊ ሥልጠና የጨረሱ ወጣቶችን በወራት ውስጥ ሳጅን፣ ከእነሱም ምርጦቹን ስቴፍ ሳጅን አድርጎ ወደ ጫካው ልኳል። ያን ማዕረግ በብዙ ዓመት ያገኙ ነባሮች ተመራቂዎቹን በንቀት ይመለከቷቸው ነበር፤ በውጊያ ላይ ግን ብዙዎቹ ጓዶቻቸውን በብቃት መርተዋል። የዚህ ሙከራ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1971 ለተመሠረተው የበታች ሹማምንት የትምህርት ሥርዓት መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ፍርድ፣ ወጣትነት ብቻውን መሪን እንደማያበላሽ፣ ያለ ትምህርት የሚሰጥ ማዕረግ ግን ባለማዕረጉ የሚመራቸውን ሰዎች ሕይወት ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ነው። ዕድሜው 20 ዓመት በሆነ ሳጅን ጫንቃ ላይ የአራትና የአምስት ሰዎች የጤና፣ የገንዘብና የቤተሰብ ችግር ይወድቃል፤ ለማደግ የሚቸኩል ወታደር ለዚህም መዘጋጀት ይኖርበታል።

በዚህ ሁሉ ላይ ለስደተኛው ወታደር የሚደመር የዜግነት ጉዳይ አለ። የምሥጢር ፈቃድ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጎች በመሆኑ፣ ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ምልምል ፈቃዱን የሚጠይቁ የሙያ መደቦች ይዘጉበታል፤ የሚቀሩለት መደቦችም የመቁረጫ ነጥባቸው ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀምሮ በ2016 የቆመው፣ ለጦሩ የሚያስፈልጉ ቋንቋዎችን የሚናገሩ የውጭ ዜጎችን ይቀበል የነበረውና አማርኛን በቋንቋ ዝርዝሩ ያካተተው ማቭኒ የተባለ ፕሮግራም የብዙዎች መግቢያ ነበር፤ ዛሬ ያ መንገድ የለም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2002 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የተከፈተው የተፋጠነ የዜግነት አሰጣጥ እየተሠራበት ሲሆን፣ በመሠረታዊ ሥልጠና ጣቢያ እያሉ ዜግነት የማግኘቱ አሠራርም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ዳግም ተጀምሯል። ማመልከቻውን ከሥልጠናው በፊት አዘጋጅቶ የሚገባ ምልምል ሥልጠናውን ሲያጠናቅቅ ዜጋ ሊሆን ይችላል፤ ዜጋ ከሆነ በኋላም ለምሥጢር ፈቃድ ማመልከት፣ ውሉን በሚያድስበት ጊዜ ደግሞ ሳጅን ወደሚፈለግበት የሙያ መደብ እንዲዛወር መጠየቅ ይችላል።